«ማደንዘዣው ልጄን ያፈዝብኝ ይሆን?»

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የሁለት ዓመት ከአራት ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ሲያለቅስና ሲያምጥ ብሽሽቱ ላይ የምታብጥ ነገር አለች። ሐኪሙ ‹ቡአ ነው፣ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል› አለን። ቀጠሮ አስይዤ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ልጁን ከማታ ጀምሮ አስርቤ ሄድን። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰውዬ ደረቱን አዳመጠና ‹ይህ ልጅ ያስለዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ› ብሎ ሰደደን። በጣም ነው የተናደድኩት። ጉንፋንና ብሽሽት ምን አገናኘው? አሁን ሁለተኛው ቀጠሮ ደርሷል። ግን እኔም መፍራት ጀምሬያለሁ። እናቴ ‹ማደንዘዣ ልጅ ያፈዛል፣ ትምህርት አይገባውም› ትላለች። ‹በባዶ ሆዱስ እንዴት ይሆናል› ብላም ታለቅሳለች። ጠዋት ጠበል ላጠጣው ትለኛለች። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ከሦስት ዓመት በታች ማደንዘዣ አንጎል ይጎዳል ብሎ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አስጠንቅቋል› ብላ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሦስት ዓመት እስኪሞላው ልጠብቅ? እባክዎ ቀጠሮው ሳያልፍ ይመልሱልኝ። እናት ነኝ፣ ከአዳማ።»

የኔ እህት፣ ዋናውን ላስቀድምልሽ። ሦስት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቂ። የእምብርት ቡአ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። የእምብርቱ ልጁ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይዘጋል። የብሽሽቱ ግን በራሱ አይዘጋም። አንጀት በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ያኔ በቀጠሮ፣ በእርጋታ የሚሠራው ሥራ በሌሊት በጥድፊያ የሚሠራ ይሆናል። ቀጠሮው እስኪደርስም ልብ በይ። እብጠቷ ጠንክራ አልመለስ ካለች፣ ልጁ አላቋርጥ ብሎ ካለቀሰ ወይም ካስመለሰው፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጅው።

«ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰውዬ» ስትይ ፈገግ ብያለሁ። እኔም ሃያ ምናምን ዓመት «ማደንዘዣ የምትሰጠዋ ሴትዮ» ሆኜ ነው የኖርኩት። ሰርጅኑን ሰው በስሙ ያውቀዋል። የእኛን ስም የሚጠይቅ የለም። ነርስ ሆኜ ጀመርኩ፤ ከዚያ የሰመመን ሙያ ተማርኩ። አገራችን ውስጥ ማደንዘዣ የሚሰጠው አብዛኛው ሰው እንደ እኔ የሰመመን ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሥራችን ልጁን ማስተኛት ብቻ ይመስላል። ማስተኛቱ እኮ የአንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። የቀረው ሁሉ ጥበቃ ነው። ይተነፍሳል ወይ? ልቡ እንዴት ነው? ሰውነቱ ቀዝቅዟል? ሰርጅኑ ብሽሽቱ ላይ ሲያጎነብስ እኛ ፊቱን እናያለን።

ያ ሰውዬ ልጅሽን ስለመለሰው ደግሞ እኔ በአንቺ ፈንታ አመስግኜዋለሁ።

ልጅ ጉንፋን ሲይዘው የመተንፈሻ ቱቦው ይቆጣል። ሳሉ ከቆመም በኋላ ቁጣው ለሳምንታት ላይበርድ ይችላል። በዚያ ላይ ማደንዘዣ ስንሰጠው አንዲት ጠብታ ምራቅ ወይም አክታ ጉሮሮውን ከነካችው፣ የድምፅ አውታሮቹ ክርችም ብለው ይዘጋሉ። ደረቱ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ትልቅ ሰው ላይ ይህ ቢመጣ ትንሽ ፋታ አለን። ሕፃን ላይ ግን ፋታ የለንም። ሕፃን በኪሎ ሲሰላ ከትልቅ ሰው እጥፍ ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል። ሳንባው ውስጥ የሚይዘው ተጠባባቂ አየር ደግሞ ጥቂት ነው።

ጣቱ ላይ የምናደርጋት መቆንጠጫ የምትመስል መሣሪያ አለች፤ ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች። ከልቡ ምት ጋር ቲት፣ ቲት ትላለች። ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ ድምጿም አብሮ እየወፈረ ይወርዳል። ስለዚህ ዓይናችን ልጁ ላይ ሆኖ በጆሯችን እንከታተላታለን። ያ ድምፅ መውረድ ሲጀምር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ስንት ዓመት ሠርቼም ያ ድምፅ ሲወርድ አሁንም መዳፌን ያልበኛል።

አውሮፓ ውስጥ በ33 አገሮች፣ በ261 ሆስፒታሎች ከ30,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ነበር። ከ100 ልጆች በ5ቱ ገደማ ላይ ከባድ የሚባል ችግር አጋጥሟል። ከመካከሉ ብዙው የትንፋሽ ችግር ነው። አብዛኛው እዚያው ተስተካክሎ ያልፋል። ግን ልጁ ባነሰ ቁጥር ችግሩ ይበዛል፤ ባለሙያው ልምድ ባለው ቁጥር ይቀንሳል። ያንቺ ሰውዬ ደረቱን አዳምጦ «ተመለሱ» ያለው ልምዱ ነግሮት ነው።

ሳል ሁሉ ቀጠሮ ያሰርዛል ማለቴ አይደለም። ውሃ የመሰለ ንፍጥ ብቻ ያለው፣ ትኩሳት የሌለው፣ እየተሯሯጠ የሚጫወት ልጅ ከሆነ ባለሙያው አመዛዝኖ ሊቀጥል ይችላል። አክታ ያለው ሳል፣ ትኩሳት ወይም ሲር ሲር የሚል ደረት ካለ ግን፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር አንነካውም። እናቶች ቀጠሮው እንዳይሰረዝባቸው ጠዋት የሳል ሽሮፕ አጠጥተው ያመጡታል። አልፈርድባቸውም። ፈቃድ የወሰዱት፣ ለትራንስፖርት የከፈሉት እነሱ ናቸው። ግን ሽሮፑ ሳሉን እንጂ የቱቦውን ቁጣ አያጠፋውም። ስለዚህ አሁንም ከቀጠሮው በፊት ካሳለው ደውለሽ ንገሪያቸው። የአዳማን መንገድ በከንቱ ከመመላለስ ይሻላል። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለም እስከዚያው ውጭ ወጥቶ ያጭስ። የሲጋራ ጭስ የሚተነፍስ ልጅ ማደንዘዣ ላይ የትንፋሽ ችግር ይበዛበታል።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። እህትሽ አልዋሸችም። ግማሹን ነው የላከችልሽ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ማደንዘዣ በተደጋጋሚ ወይም ከ3 ሰዓት በላይ ከተሰጠ የአንጎል እድገታቸውን ሊነካ ይችላል ይላል። ነገሩ በአብዛኛው የተነሣው በእንስሳት ግልገሎች ላይ ከተደረገ ምርምር ነው። ያው ማስጠንቀቂያ ግን አንድ ጊዜ፣ ለአጭር ሰዓት የሚሰጥ ማደንዘዣ ጉዳት ያመጣል ተብሎ እንደማይገመት ጨምሮ ይናገራል። ቴሌግራም ላይ ስትዞር የምትወድቀው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ደግሞ ልክ ለአንቺ ተብሎ የተሠራ የሚመስል ጥናት አለ። በ7 አገሮች የሚገኙ 28 ሆስፒታሎች 722 ጨቅላ ሕፃናትን ወሰዱ። ሁሉም እንደ ልጅሽ የብሽሽት ቡአ ያለባቸው ናቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሙሉ ማደንዘዣ ወሰዱ። ግማሾቹ ሳይተኙ ከወገብ በታች ብቻ በጀርባ መርፌ ደንዝዘው ተሠሩ። ሙሉውን የወሰዱት ማደንዘዣው ላይ የቆዩት 54 ደቂቃ ገደማ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው የማሰብ ችሎታቸው ተለካ። ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እነዚያ ልጆች ገና የጥቂት ወር ጨቅሎች ነበሩ። ያንቺው ከእነሱ ጋር ሲተያይ ጎረምሳ ነው።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አሜሪካ ውስጥ 105 ጥንድ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ተነጻጽረው ነበር። አንደኛው ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በብሽሽት ቡአ ምክንያት ማደንዘዣ የወሰደ ነው። ሌላው በዚያ ዕድሜ አልወሰደም። አንድ ቤት አድገው፣ ከአንድ ገበታ በልተው። የማሰብ ችሎታቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። ይህን ለእህትሽ መልሰሽ ላኪላት።

ከባድ የልብ ችግር ኖሮበት በተደጋጋሚ፣ በእያንዳንዱም ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ሕፃን ጉዳይ ሌላ ነው። ያን የሚወስኑት ሐኪሞቹና ወላጆቹ ተቀምጠው ነው። የአንቺ ግን አንድ ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም።

እውነቱን ልንገርሽ? መድኃኒቱ አንጎሉን ምን ያደርገዋል ብዬ አንድም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። እንቅልፍ የሚነሳኝ የልጁ ሆድ ነው።

አንድ ጠዋት የሦስት ዓመት ልጅ ገባ። እናቱን «ምን በላ?» አልኳት። «ምንም፣ ከማታ ጀምሮ» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት። «ምንም።» እሷም የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። ልጁን አልጋው ላይ አጋድመን ያቺን የጣት መሣሪያ ላደርግለት ግራ እጁን ያዝኩ። ጨብጧል። ማስኩ ገና ፊቱ ላይ አልደረሰም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስፈታቸው መዳፉ ውስጥ ላብ ያራሰው የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ኮሪደር ወጣሁ። አያትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ሳልጠይቃቸው ነው የመለሱልኝ፤ «ልጄ፣ ልጅ በባዶ ሆዱ ቢላ ይገባበታል?» አሉኝ።

ምን ይባላል? ኦፕሬሽኑ ቀረ። ሰርጅኑ ተነጫነጨ፤ እናትየው አለቀሰች። እኔ ቤቴ ገብቼም ያቺን መዳፍ ነው የማስበው። ጣቱን ባልፈታው ኖሮስ?

ነቅተን ሳለን ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ሲል ጉሮሯችን ይዘጋል፤ ትን ይለናል፤ እንስላለን። ማደንዘዣ ይህን ሁሉ ያስተኛዋል። ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ከተመለሰ መሄጃው ሳንባ ነው፤ ከነአሲዱ። «ትንሽ ነው የቀመሰው» የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ከቀመሰ ቀጠሮው ሌላ ቀን ይሆናል፤ እስከ ከሰዓት ሊቆይም ይችላል። ሌላ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ሳይነገረን ሲቀር ነው።

ሰዓቱን እንቁጠረው። ኦፕሬሽኑ ጠዋት 2 ሰዓት ነው እንበል። ምግብ፣ የላም ወተትና የቆርቆሮ ወተት ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው። ቅቤና ሥጋ የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ማለት ልጁን በሌሊት ቀስቅሰሽ አብይው ማለት አይደለም። ራቱን በወጉ በልቶ ይተኛ። ጡት ካልተወ የእናት ጡት ከ4 ሰዓት በፊት፣ ማለትም ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይቆማል። ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት፤ ንጋት 12 ሰዓት። አሁን አሁን ውሃውን እስከ 1 ሰዓት ድረስ የሚፈቅዱ የአውሮፓ ሆስፒታሎች አሉ። አንቺ ግን የራስሽ ሆስፒታል የነገረሽን ያዢ።

«ውሃ» ሲባል ብርጭቆው ውስጥ አሻግረሽ የሚታይሽ ነገር ነው። ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ ወተት የሌለው ቀጭን ሻይ። አጥሚት ምንም ቢቀጥን ምግብ ነው። ሙቅም፣ የአብሽ ውሃም፣ የአቮካዶና የማንጎ ጁስም ምግብ ነው። ጁስ ቤት ስለሚሸጥ ብቻ ፈሳሽ አይባልም። ማስቲካና ከረሜላም አይቻልም። ጠበሉ ንጹህ ውሃ ከሆነ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ጉንጭ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ግንባሩን ይረጩት። እምነት የተበጠበጠበት ከሆነ ግን በአፉ አይሁን። ጉሮሮውን ያለሰልሰዋል ብሎ ቅቤ ማላስ የሚባለውንም ተዉት። ቅቤ ሳንባ ከገባ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአንቺ ጋር ሆኜ ልናደድ። ልጅሽን «ከማታ ጀምሮ» አስርበሽ መሄድሽ። ብዙ ቦታ የሚነገረው «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም» ነው። ኤንፒኦ እንለዋለን፤ ካርዱ ላይ ጽፈን እንሄዳለን። ለእኛ ቀላል ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ጭካኔ ነው። አፉ ይደርቃል፤ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ የደም ሥሩም ይጠፋና መርፌው ደጋግሞ ይወጋዋል። ስለዚህ ወረፋው ላይ ትንንሾቹ ልጆች እንዲቀድሙ ጠይቂ። ወረፋው ከዘገየም ነርሷን «ውሃ ልስጠው?» በያት። እያደናቀፍሽ አይደለም። ደግ ነርስ ገብታ ጠይቃልሽ ትመለሳለች።

ከዚያ ሰውዬ ጋር (ስሙን ጠይቂው እንግዲህ) ስትገናኙ ሳይጠይቅሽ የምትነግሪው አለ። ሲገረዝ ወይም እንጥሉን ሲቆረጥ ብዙ ደም ፈስሶት ከነበረ። ማታ ሲተኛ የሚያንኮራፋና በመሃል ትንፋሹ ቀጥ የሚል ከሆነ። አስም ካለበት። ጊዜው ሳይደርስ ተወልዶ ከነበረ። ከአንቺም ከአባቱም ወገን ማደንዘዣ ላይ ክፉ ነገር ያጋጠመው ዘመድ ካለ፤ አልፎ አልፎ በዘር የሚመጣ አደገኛ ነገር አለና። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አጠጥታችሁት ከሆነ። ማንም አይስቅብሽም። ክብደቱን ደግሞ በግምት አትንገሪው። እዚያው ይመዘን። መድኃኒታችን ሁሉ የሚለካው በኪሎ ነው። «አሥራ አራት ይሆናል» የተባለው ልጅ አሥራ አንድ ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል።

አንቺም ሁለት ነገር ጠይቂ። ለትንሽ ጣት የሚሆን ፐልስ ኦክሲሜትር አለ ወይ? ሲነቃስ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ብዙ ችግር የሚመጣው ኦፕሬሽኑ አልቆ ሁሉም ሰው እፎይ ባለበት ሰዓት ነው። «ነርስ አለች» ከተባልሽ ጥሩ። «አንቺ ትጠብቂዋለሽ» ከተባልሽ ግን ምን ማየት እንዳለብሽ አስረድተው ያሳዩሽ።

እናትሽ የሚፈሩት ግን ከየትም የመጣ አይደለም። ማደንዘዣ ሰው የገደለበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1848 እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል አጠገብ፣ ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯን ልታስነቅል ክሎሮፎርም ሰጧት። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ለጥፍር! በጊዜው የነበረው መከታተያ የሐኪሙ ዓይንና የልብ ምቷን የያዘ ጣቱ ብቻ ነበር። ያቺ ቲት ቲት የምትል መሣሪያ የመጣችው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ሐሳቧን ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

የቀኑ ነገር ደግሞ አለ። በእግዚአብሔር ይሁንብሽ፣ ከአሁን ጀምሮ «ዝም በል፣ ሲስተሯ መርፌ ትወጋሃለች» አትበይው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባላጠፋሁት ጥፋት ማስፈራሪያ ሆኜ ኖሬያለሁ። ልጁ ገና ነጭ ጋውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ ልጅ አፍንጫው ይሞላል፤ ምራቁ ይበዛል፤ ያ ደግሞ ጉሮሮውን ያስቆጣዋል። «ትንሽ ትተኛለህ፤ ስትነቃ እኔ እዚሁ ነኝ» በይው። የሚወዳት ብርድ ልብስ ካለች ከእሱ ጋር ትግባ። ማተቡን ይበጥሱበታል ብለሽም አትስጊ። አንገቱን ጠበቅ ካደረገው እኔ ፈትቼ እጁ ላይ በፕላስተር አስርለታለሁ።

እናት እስከ ውስጥ የምትገባበት ሆስፒታል አለ፤ በር ላይ የሚቀበሉሽም አለ። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ከሰጡት አንቺ እያየሽው ሊተኛ ይችላል። ያን ጊዜ አትደንግጪ። ዓይኑ አይከደንም። ፈጥጦ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ምራቁ ይዝረበረባል። ያየሽ ይመስልሻል። አያይሽም፤ አያመውምም። ብዙ እናቶች ያቺን ዓይን አይተው «ልጄ ሞተ» ብለው ሲጮኹ ሰምቻለሁ። አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው። ከተኛ በኋላ ከጭራው አጥንት አጠገብ ለሕመም የሚሆን መርፌ ሊሰጡት ይችላሉ። ከነቃ በኋላ እግሩ ለጥቂት ሰዓት ቢዝል ከዚያ ነው። ይመለሳል።

ሲነቃ ደግሞ ሌላ ልጅ የሰጡሽ ሊመስልሽ ይችላል። በእሱ ዕድሜ ያሉት አንዳንዶቹ እየጮኹ፣ እየተራገጡ ይነቃሉ። እናታቸውን አይለዩም። እናትሽ አብረው ካሉ «ፈዘዘ ብዬ ነበር እኮ!» የሚሉት ያኔ ነው። አልፈዘዘም። አንጎሉ በአንዴ አልነቃ ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፋል። እንዳይወድቅ ያዢው፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አውሪው። ለማረም አትታገዪው። ቤት ከገባ በኋላም ጥቂት ቀን በሌሊት ቢባንን፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ቢጀምር አትቆጪው። ያም ያልፋል። ለሕመሙ የታዘዘለትን ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ስጪው፤ አስፕሪን ግን አይሆንም። ትንፋሹ ከከበደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለ፣ ማስመለሱ ካልቆመ ወይም ቁስሉ ከደማ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ።

እናትሽን ደግሞ ደብቀሻቸው እንዳትሄጂ። ይዘሻቸው ሂጂ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰው ስለ ባዶ ሆድ እኔን ያስተምሩኛል። የልጁ ጾም የአንድ ጠዋት ነው በያቸው። ሰዓቱን እሳቸው ይያዙት። ምግብ መቼ፣ ውሃ መቼ እንደሚቆም ለእሳቸው ንገሪያቸው። ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው ቁራሽ ዳቦ አይደብቅም። ማስፈሰኪያውንም እሳቸው ያሰናዱለት። መጀመሪያ ውሃ በማንኪያ። ካላስመለሰው ሻይ በብስኩት። ከዚያ ፍርፍርም ቢሆን ይብላ። ዶሮው ግን እስከ ማግስቱ ይቆይላቸው።